ሰርዶ ይዤ የተነሣሁት ፎቶ

እኔ ይቅርታ የሚባለው ነገር አይሆንልኝም። ቂመኛ ሆኜ አይደለም፤ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ባለቤቴ የሺ፣ "አንተ እኮ የሰው እግር ረግጠህ፣ እግርህን ለምን እዚህ አስቀመጥከው የምትል ሰው ነህ" ትለኛለች። ዋሸች አልልም። አንድ ጊዜ ባጃጅ ውስጥ የአንድ ሰውዬ እግር ረግጬ፣ ሰውዬው እኔኑ ይቅርታ ጠይቆኝ ወርዷል። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው በሦስት መቶ ምናምን ሕዝብ ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ ለመነ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? አትመኑ። እኔም አላምንም ነበር፤ ግን ፎቶው አለ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ጡረታ የወጣሁት ከመዝገብ ቤት ነው። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ሲሆን፣ ለሁለት ዓመት ብለው አርባ ምንጭ ልከውኝ ይኸው ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት የሺ ወገቧን ይዛ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ወይ ሥራ ፈልግ ወይ ከወጥ ቤቴ ውጣልኝ" አለችኝ። የቅመም ጠርሙሶቿን በፊደል ተራ ደርድሬባት ነበር። ሚጥሚጣና በርበሬን ምን ያህል እንዳራራቅኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው፤ እሷ ግን ወጡ ከተበላሸ በኋላ ነው ያወቀችው። እናም ወደ ጓሮ ተሰደድኩ።

ቤታችን አርባ ምንጭ፣ ሴቻ የሚባለው ሰፈር ነው። ጓሯችን ውስጥ አንድ ማንጎ፣ ሁለት ፓፓያ፣ አንድ ሀለኮ፣ እናንተ ሽፈራው የምትሉት ዛፍ፣ ከዚያ በተረፈ ድንጋይና ተስፋ ነበር። ድንጋዩን ለቅሜ መደብ ሠራሁ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቲማቲም ተከልኩ። አርባ ምንጭ ላይ አትክልት ተክሎ የማያውቅ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ከላይ ጦጣ አለ፣ ከታች ከርከሮ አለ፣ ከሁሉም በላይ ፀሐይ አለች። ጦጣዎቹ በእውነቱ ጨዋ ናቸው፤ የበሰለውን መርጠው ነው የሚወስዱት። ከርከሮው ግን አይመርጥም፤ ቆስጣውንም፣ አጥሩንም፣ አንድ ቀን የሰቀልኩትን ካልሲም ይዞ ሄዷል።

የቴሌግራሙን ቡድን ያስተዋወቀችኝ ትዕግሥት ናት። ትዕግሥት ጎረቤታችን ነች፤ የጋሞ ልጅ፣ የባዮሎጂ አስተማሪ፣ የቡድኑም አስተዳዳሪ። የቡድኑ ስም "ጓሯችን" ነው። ከላንቴ ሙዝ አብቃይ እስከ ገረሴ ድንች ተካይ ድረስ ያልገባበት የለም። ሕጉ አጭር ነው። እሁድ ከሰዓት ሁሉም የራሱን ጓሮ ፎቶ ይለጥፋል፤ የሰው ጓሮ መለጠፍ ክልክል፣ ፖለቲካ ክልክል። ሃይማኖትም ክልክል ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን ጎመን የለጠፈ ሁሉ "ጌታ ይባረክ" ሲባል ማን ደፍሮ ይከልክል?

ፎቶ ማንሣት ከመትከል እንደሚከብድ የገባኝ ያኔ ነው። እሁድ ሲሆን ከምሳ በፊት የቆስጣውን ቅጠል አንድ በአንድ በጨርቅ እወለውላለሁ። የሺ ነጠላዋን ዘርግታ ከኋላ ትቆማለች፤ የተሰጣው ልብስ እንዳይታይ። "እኔ ለሠርጌም እንዲህ አልቆምኩ" ትላለች። አንዱ ፎቶ ላይ አውራ ጣቴ ይገባል፣ ሌላው ላይ የሺ ታዛጋለች፤ በሃያኛው ላይ እንለጥፋለን። "ዋው፣ ጋሼ" ይሉኛል። እኔ ደግሞ መወደስ እወዳለሁ፤ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ አንድም ሰው ፋይሌን አይቶ "ዋው" ብሎኝ አያውቅም።

ከዕለታት አንድ እሁድ ቲማቲሜን ለጠፍኩ። አርባ ሰው አደነቀኝ። አርባ አንደኛው ጳውሎስ ነበር።

ጳውሎስ ማለት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ከጎኔ ጠረጴዛ የተቀመጠ ሰው ነው። በአንድ የቁም ሣጥን ቁልፍ የሠራን፣ ከአንድ ሳህን የበላን ወዳጄ። የጨንቻ ልጅ ነው፣ ጡረታ ሲወጣም ወደዚያው ወጣ። የእሱ ጎመን በደጋው ጉም እየጠጣ ጃንጥላ ያክላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከባለቤቱ ከአስቴር ጋር በሚኒባስ ወርደው እኛ ጋ ይውሉ ነበር። አስቴርና የሺ አንድ የጠረጴዛ ዳንቴል ለሁለት ይሠራሉ፤ እኔና ጳውሎስ ከማንጎው ሥር ተቀምጠን ስለ አለቆቻችን እናማለን። ሁሉም አለቆቻችን ሞተዋል ወይም ተዛውረዋል፤ ሐሜቱ ግን አላረጀም ነበር።

እና ጳውሎስ ከቲማቲሜ ሥር እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ወንድሜ፣ ቅጠሉ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ በሽታ ነው። ወደ ሌላው ሳይዛመት ንቀለው።"

በሕዝብ ፊት። ደሜ ፈላ። በአንድ ጣቴ እየለቀምኩ መለስኩለት፦ "ከጨንቻ ጉም ውስጥ ሆኖ የአርባ ምንጭን ቲማቲም የሚመረምር ሐኪም ዛሬ አየሁ። አንተ ድሮም ሥራህ የሰው ስሕተት መልቀም ነበር።" የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አሁንም እወደዋለሁ። ሁለተኛው ነው ያጠፋኝ። ጳውሎስ ስሕተቴን ባይለቅምልኝ ኖሮ እኔ ሁለት ጊዜ ከሥራ እባረር ነበርና። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከጣት የወጣውማ ሦስት መቶ ሰው ያነበዋል።

መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ "እርስዎ እንዳሉ ይሁን።"

እርስዎ። ሃያ ሁለት ዓመት አንተ ያለኝ ሰው። ሰድቦኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለችው ቅዳሜ አልመጡም። የሚቀጥለውም። ቲማቲሞቹ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሳይቀር ደርቀው አለቁ፤ ይህንን ለቡድኑ አላሳወቅኩም። አራት ወር ሆነ። የዳንቴሉ ግማሽ ጨንቻ፣ ግማሹ ሴቻ ቀረ። የሺ ቅዳሜ ሲሆን በር በሩን ታያለች። እኔም ናፈቀኝ። ይኸው ተናገርኩት። ከማንጎው ሥር ለብቻዬ ተቀምጬ አለቆቻችንን ለማማት ሞክሬ ነበር፤ ለካ ሐሜት ለአንድ ሰው አይሆንም። ነገር ግን እሱ ካልመጣ አልሄድም ብዬ ምያለሁ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ፤ እኔ ምላጩን ውጬ ውኃ አስከትልበታለሁ።

ታዲያ አንድ እሁድ ጳውሎስ የጎመን መደቡን ለጥፎ ከሥሩ፣ "አረሙን ያልነቀለ ጎረቤቱን ያስቸግራል" ብሎ ጻፈ።

"ይኸው፣ እኔን ነው" አልኳት የሺን።

"ስለ ጎመኑ ነው የጻፈው።"

"ጎመን ጎረቤት አለው?"

"አንተ ምን አለህ?" አለችና ዳንቴሏን አነሣች።

ከማግሥቱ ጀምሬ አረም ነቀላ ገባሁ። ስድስት ቀን። ሌላው አረም ቀላል ነው፣ ሰርዶ ግን ሰው ይገድላል። እዚህ ስትነቅሉት እዚያ ብቅ ይላል፤ ሥሩን ተከትዬ ከቆስጣው ተነሥቼ የትዕግሥት አጥር ሥር የደረስኩበት ቀን አለ። ቆርጬ ተነሥቻለሁ፤ እሁድ በሚመጣው ፎቶ ላይ አንዲት የአረም ዘለላ እንኳን እንዳትገኝ። እሁድ ከሰዓት የመጨረሻዋን እፍኝ ሰርዶ ነቀልኩ። መደቡ ላይ እንደ ተንበረከክሁ፣ ይኸው አለቀ ለማለት፣ በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ወደ ስልኩ ዘረጋሁት።

"ፀሐዩ ዓይንህን እያስጨፈነህ ነው። አንገትህን ትንሽ ዝቅ አድርግ" አለች የሺ። ዝቅ አደረግኩ። አነሣችኝ።

ፎቶውን አስቀድሜ ላክሁና ማብራሪያውን መጻፍ ጀመርኩ። የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፣ እንዲያው በደረቁ አልጽፍም። "ለጓሯችን አባላት በሙሉ። ጉዳዩ፦ አረም አለመኖሩን ማሳወቅ ይሆናል። ከላይ በፎቶው ለማየት እንደሚቻለው፣ በጓሮዬ የነበረው አረም ሙሉ በሙሉ የተወገደ በመሆኑ፣ ከዚህ በኋላ በተዘዋዋሪ የሚቀርብ ማንኛውም ወቀሳ ተቀባይነት የማይኖረው መሆኑን በጥብቅ አስታውቃለሁ። ግልባጭ፦ ጨንቻ ለሚገኙ ለሚመለከታቸው።" ላክ የሚለውን ስነካ መብራት ጠፋ፤ ኔትወርኩም መብራቱን ተከትሎ ሄደ። ፎቶው ግን ቀድሞ ደርሷል። እግሬን ታጥቤ ተኛሁ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ ስልኬ እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል። "አባታችን፣ ዕድሜ ይስጥዎት።" "ትሕትና ማለት ይህ ነው።" "እንባዬ መጣ።" ለአረም ነቀላ ሰው ያለቅሳል እንዴ ብዬ ገረመኝ፤ ግን መወደስ እንደምወድ ነግሬያችኋለሁ፣ ደስ እያለኝ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። መጨረሻው ላይ የትዕግሥት መልእክት ነበር፦ "አቶ ጳውሎስ መልስ እስኪሰጡ ድረስ ቡድኑን ዘግቼዋለሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ ዝም ማለት ነው ክብሩ።" ደብዳቤዬን ብልክ፣ ብልክ፣ እምቢ አለ።

ትዕግሥትን አጥር ላይ ጠራኋት። ዓይኗ ቀልቷል።

"ጋሼ፣ እናቴ ፎቶዎን አይታ አለቀሰች" አለችኝ። "ከሰሜን መጥተው የእኛን ሥርዓት እንዲህ ያከብራሉ ብላ አላሰበችም። እርጥብ ሳር ይዘው፣ አንገትዎን ደፍተው፣ ለታናሽዎ ተንበርክከው።"

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ ይህን ሥርዓት ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ጋሞ ውስጥ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ፣ ድንጋይ ያነሣ ጎረምሳ ድንጋዩን ይጥላል። ያንን ሳር አልፎ መሄድ ጎሜ ነው፤ የሚያስቀስፍ ነውር። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቆሜ አድንቄያለሁ። ግን ሰርዶ ሳር መሆኑን ረስቼው ነበር። ስድስት ቀን ሙሉ ጠላቴ ሆኖ ሰንብቶ፣ ማን ሳር ብሎ ያስበው?

"ትዕግሥት፣ እኔ እኮ አረም እየነቀልኩ ነበር።"

"እሺ ጋሼ።"

"ሰርዶ ነው የያዝኩት።"

"አዎ፣ ሳር ነው።" ፈገግ አለች። "እርስዎ ሲያመሰግኑዎት አይወዱም አይደል?"

እኔን። ሲያመሰግኑዎት አይወዱም አለችኝ።

ጥቂት ቆይቶ ከላንቴ ወይዘሮ ማርታ የምትባል የቡድኑ አባል ሙሉ ዘለላ ሙዝ በባጃጅ ጭና መጣች። "ለዕርቁ ነው" አለች። ዕርቅ የለም፣ በስሕተት ነው፣ ፎቶው ጽሑፉ ጠፍቶበት ነው ብዬ አስረዳኋት። እስክጨርስ ረጋ ብላ ሰማችኝና፣ "ትሑት ሰው ሁልጊዜ እንደዚህ ይላል" ብላ ሙዙን በረንዳ ላይ አስቀመጠችው። በካድኩ ቁጥር ቅዱስ እየሆንኩ ሄድኩ። ትንሽ ብቆይ ስዕሌን ይሰቅሉት ነበር።

"ተወው በቃ" አለችኝ የሺ። "ምን ጎደለብህ?"

"ይቅርታ ሳልጠይቅ ጠየቀ ልባል? እውነቱ መታወቅ አለበት።"

"እውነቱማ ቲማቲሙ መሞቱ ነው" አለች።

ጳውሎስ ጋ ደወልኩ፣ ስልኩ ዝግ ነው። እንግዲህ ቆረጥኩ፦ ጠዋት ጨንቻ ወጥቼ፣ ፊት ለፊት ቆሜ፣ ይቅርታ አለመጠየቄን በአካል አሳውቀዋለሁ። ደብዳቤውን በጥሩ ወረቀት በእጄ ገልብጬ፣ ፈርሜበት፣ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ሞኙም ወረቀቱም በአንድ ኮት ውስጥ ነበርን። ኮት የለበስኩት ለጨንቻ ብርድ ነው። ሴቻ ላይ ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኮት የለበሰ ሰው ወይ ለቅሶ ይሄዳል ወይ አሞታል።

የግቢውን በር ስከፍት ባጃጅ ቆሟል። አስቴር ወርዳለች። ከጎኗ ቡሉኮ የደረቡ፣ ላብ የሚያጠምቃቸው ሽማግሌ አሉ፤ የጳውሎስ አጎት ናቸው። ጳውሎስ ራሱ እርጥብ ሳር በሁለት እጁ ይዞ፣ እኔን እንዳየ፣ እዚያው ደጃፌ ላይ፣ አቧራው ላይ ተንበረከከ።

ሽማግሌው በጋሞኛ ተናገሩ። አስቴር ተረጎመችልኝ፦ "ታላቅ ለታናሹ ሳር ይዞ ከተንበረከከ፣ ታናሽ ቤቱ አይቀመጥም ነው የሚሉት።" ሦስት ዓመት እበልጠዋለሁ። በዚያች ሰዓት ሦስት ወር የምበልጠው አልመሰለኝም። የሺ ከኋላዬ መጥታ አስቴር አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለቱም ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ጳውሎስን በክንዱ ይዤ አነሣሁት። ሳሩን ተቀበልኩት። ሌላ ምን ላድርግ?

ሽማግሌውን ከማንጎው ሥር አስቀምጠን ሙዝ አቀረብንላቸው። ጳውሎስ "ጓሮህን አሳየኝ" አለኝና ሁለታችን ወደ መደቡ ሄድን። ዞር ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"በዚህ ሙቀት ኮት ለብሰህ ወዴት ነበር?"

"ወደ አንተ።"

ዓይኑ ውኃ ሞላ። ዝም ብዬ ብተወው ኖሮ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ግን ያ እንባ በውሸት ሊፈስ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ሰው ማታለል ብችል ጳውሎስን አልችልም።

"ይቅርታ ልጠይቅህ አልነበረም" አልኩት። "ይቅርታ አልጠየቅኩም ልልህ ነበር።" ፖስታውን ሰጠሁት።

መነጽሩን አወጣ። ልክ እንደ ድሮው ወረቀቱን ራቅ አድርጎ ይዞ፣ ከላይ እስከ ታች ረጋ ብሎ አነበበው። አጥፎ ፖስታው ውስጥ መለሰው።

"ቁጥርና ቀን የለውም" አለ።

"ጳውሎስ፣ የምሬን ነው።"

"አውቃለሁ። ትናንት ፎቶውን እንዳየሁ ነው ያወቅኩት። የያዝከው ሰርዶ ነው፣ ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ። ደግሞ አፍንጫህ ተነፍቷል። ሃያ ሁለት ዓመት ያየሁት አፍንጫ ነው፤ ይቅርታ የሚለምን ሰው አፍንጫው እንዲያ አይነፋም።"

"ታዲያ እያወቅክ ለምን ተንበረከክህ? ጎሜውን ፈርተህ ነው?"

መደቡን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

"አራት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ መኪና ተራ ድረስ እየመጣሁ ተመልሻለሁ" አለ። "አስቴር እዚያው ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ምን ብዬ ልሂድ እላታለሁ፣ እንመለሳለን። የመምጫ ሰበብ ነበር ያጣሁት። ትናንት ያንን ፎቶ ሳይ፣ እንኳን ሰርዶ በቀለበት አልኩ።"

አራት ወር ሙሉ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ከማንጎ ሥር፣ አንዱ መኪና ተራ። መደቡ ላይ ተንበረከክሁ፣ ኮቴን እንደ ለበስኩ። በእጄ የምይዘው ሳር ፈለግኩ። አልነበረም፤ ስድስት ቀን ሙሉ አንዲት ሳላስቀር ነቅዬው። ግራ ቀኝ ዳበስኩ፣ አፈር ብቻ ነው። ባዶ እጄን ዘረጋሁለትና፣ "ይቅርታ አድርግልኝ፣ ጳውሎስ" አልኩት።

"ተነሥ፣ ተነሥ" አለኝ፣ አጎቱ እንዳያዩን ወደ ማንጎው እየተገላመጠ።

ልነሣ ስል ጉልበቴ እምቢ አለ። ጳውሎስ በብብቴ ገብቶ አነሣኝና ኮቴ ላይ ያለውን አፈር ያራግፍልኝ ጀመር።